ሰካራሙ ከኋላ ተኝቷል፣ እኔ ከፊት

ልጁ መኪናዬ ውስጥ የገባው በሩን እንደ ከዘራ ተደግፎ ነው። ዕድሜው ቢበዛ ሃያ አምስት። ቀበቶውን ሦስት ጊዜ ስቶ አራተኛው ላይ አሰረው። ከዚያ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ብዙ ጠጥቻለሁ። መኪናዬን ጓደኛዬ ቤት ትቼ ነው የመጣሁት» አለኝ። ኮራ ብሎ ነው ያለው። መኩራትም ሲያንሰው ነው። «ጎበዝ፣ ደግ አደረግህ» አልኩት።

ያኔ ማታ ማታ በስልክ አፕ እየተጠራሁ ሰው አጓጉዝ ነበር። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነው። ዲሲ፣ ዩ ስትሪት። ቅዳሜ ሌሊት ባሮቹ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አሜሪካ አሥራ አራት ዓመት ኖሬም ሌሊት ሌሊት ጭንቅላቴ የሚያስበው በሀበሻ ሰዓት ነው።) የልጁ ቤት ምናሳስ ነው፤ ቨርጂኒያ፣ በ66 ሀይዌይ ቀጥ ብሎ። በዚያ ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የሩዝቬልትን ድልድይ ሳንሻገር ማንኮራፋት ጀመረ።

እንግዲህ ሰካራሙ የራሱን ድርሻ ተወጥቶ ከኋላ ተኝቷል። አደራውን የተረከብኩት እኔ ጠብታ አልቀመስኩም። ፖሊስ አስቁሞ ትንፋሼን ቢመረምር ዜሮ ነው። ግን ከአልጋዬ የወረድኩት ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነበር። ከ12 ተኩል እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ከዚያ የልጄ ጓደኛ ልደት ነበር፤ ፊኛ ስነፋ ቆየሁ። ማታ 12 ሰዓት ላይ አፑን ከፈትኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስጭን ሳወርድ ቆይቼ የሳምንቱን ቦነስ ለማግኘት ሁለት ትሪፕ ቀረኝ። ይሄ ልጅ አንዱ ነው።

ቪየና የሚባለውን የሜትሮ ጣቢያ አስታውሳለሁ። በሀይዌዩ መሀል ስለሆነ መብራቱ ሳይወዱ በግድ ይታያል። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው ድምፅ ነው።

ድርርርርርርር!

እዚህ አገር የነዳ ሰው ያውቀዋል። በመንገዱ ጠርዝ ላይ አስፋልቱን ቦርቡረው ይተዉታል፤ ጎማ ሲነካው መኪናው በሙሉ ይንዘረዘራል። ዓይኔን ስገልጥ ቀኝ ጎማዬ ከመስመር ወጥቷል፤ ከፊቴ የብረት አጥር አለ። መሪውን መለስኩ። ትንሽ ተወላገደች፣ ከዚያ ተስተካከለች። ግራና ቀኝ ሌላ መኪና አልነበረም። ይኼው ነው። ያዳነኝ ችሎታዬ አይደለም፣ ሌላ መኪና አለመኖሩ ነው።

ልጁ ቀና አለና «ደረስን እንዴ?» አለኝ።

«ትንሽ ቀረን» አልኩት። ተመልሶ ተኛ።

በኋላ ካርታው ላይ ሳየው ከቪየና ጣቢያ እስከዚያ ቦታ አሥር ማይል ያህል ነው። አሥር ማይል ነድቻለሁ። ፌርፋክስን አልፌያለሁ። መሪ ይዣለሁ፣ ነዳጅ ረግጫለሁ። ግን አልነበርኩም። በሰዓት 65 ማይል የሚሄድ መኪና በሰከንድ 29 ሜትር ይምዘገዘጋል። ዓይን ለአራት ሰከንድ ቢከደን 116 ሜትር ነው፤ ከኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። እኔ ስንቱን የኳስ ሜዳ ጨፍኜ እንዳቋረጥኩ እግዜር ይወቅ።

የሚገርመው፣ ይህንን ጉዳይ ማንም ሳያስተምረኝ በፊት አጎቴ አስተምሮኝ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ክረምት ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት ስጠብቅ ነው። እናቴ ሰፈር ውስጥ ከምትዞር ብላ ከወንድሟ ጋር ላከችኝ። ጋሼ ኤንትሬ ነበር የሚነዳው፤ ያቺን አሮጌ ፊያት፣ ከነተሳቢዋ። ዕድሜውን አሰብ መስመር ላይ ነው የጨረሰው። ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋ እሱም እንደ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። የዚያን ዓመት ድርቅ ስለነበር መንገዱ የእርዳታ እህል በጫኑ መኪኖች ተጨናንቋል። ከአዲስ አበባ ወደቡ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሃራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ። እኔ ረዳት ነኝ። የረዳት ሥራ ጎማ መምታት፣ ውሃ መጨመር፣ ታኮ ማድረግ ብቻ ይመስላችኋል? ዋናው ሥራ ማውራት ነው። ሾፌሩ እንዳይተኛ ማውራት።

አፋር በረሃ ቀን ቀን አይነዳም። ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል፤ ሰውም ያፈነዳል። ስለዚህ ሾፌር የሚጓዘው ሌሊት ነው፣ ማለትም ገላው ተኛ በሚለው ሰዓት። ቀን መኪና ሥር ጎኑን ያሳርፋል እንጂ በዚያ ወበቅና ዝንብ መሀል ምን እንቅልፍ አለ?

አንድ ሌሊት አዋሽ አርባን አልፈን ስንሄድ ከመንገድ ወጥቶ የተገለበጠ ከባድ መኪና አገኘን። ሰዎቹን ቀድሞ የደረሰ መኪና ወስዷቸዋል። ጋሼ ቆመና ባትሪ ሰጠኝ።

«ውረድና አስፋልቱን እየው» አለኝ።

ወረድኩ። አየሁ። ተመለስኩ።

«ምን አየህ?»

«ምንም።»

«የጎማ ጥቁር የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«እንግዲያው ተኝቶ ነው። የጠጣ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ፍሬን ይይዛል። የተኛ ሰው ግን ፍሬን ምን እንደሆነ አያውቅም።»

ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ አገር ስለ መኪና አደጋ ሳነብ ያንኑ ነገር አገኘሁት። አደጋ መርማሪዎቹ ሾፌሩ ተኝቶ ነበር ወይ ብለው ሲጠራጠሩ የሚያዩት ይህንን ነው፤ ብቻውን የሚነዳ ሰው፣ ሌሊት፣ ፈጣን መንገድ፣ ከመስመር የወጣ መኪና፣ የፍሬን ምልክት የለም። ጋሼ ስድስተኛ ክፍልን አልጨረሰም።

ጫቱን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። መስመር ላይ የነበረ ሁሉ ይቅማል ማለት ይቻላል። ጋሼም ይቅም ነበር። ለውዝ፣ ኮካ፣ የአወዳይ ጫት፣ ካቢናው ውስጥ ገረባው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ምርቃናው ላይ ሳለ ሾፌር ዓለም በእጁ ናት። ያወራል፣ ያቅዳል፣ ሦስት ፎቅ ይሠራል። ችግሩ ጫት እንቅልፍን አይከፍልም። ያዘገየዋል እንጂ ዕዳው አለ። ምርቃናው ሲወርድ ዕዳው ከነወለዱ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚወርደው ከሌሊቱ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ነው። አንዴ ጋሼ ገዋኔ አካባቢ ድንገት ፍሬን ያዘ። «ግመሎች!» አለ። ግመል የለም። ባዶ መንገድ ነው። ያን ሌሊት ሁለታችንም መኪናው ሥር ተኛን።

ከጫት የባሰው ግን ጨብሲው ነው። ቅሞ ሲያበቃ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ወይ ቢራ የሚጨምር ሾፌር አለ። ሁለት ሰዓት ጋደም ብሎ ደግሞ መሪ ይጨብጣል። ያ ሰው ጫቱ አልወጣለት፣ መጠጡ አልወጣለት፣ እንቅልፉን አልጠገበ። ጋሼ እንዲህ ዓይነቱን ሾፌር ከፊቱ ካየ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ እስኪርቅለት።

የራሱ መፈተኛ ነበረችው። እያወራን ሳለ ድንገት «ያለፍናት ከተማ ማን ናት?» ይለኛል። እኔን አይደለም የሚፈትነው፤ ራሱን ነው። እሱ መጀመሪያ ይመልሳል፣ እኔ «ልክ ነህ» እላለሁ። አንድ ቀን ጠየቀና መልሱ ጠፋው። ሎጊያ ነበረች። ከአንዲት ቃል ሌላ አልተናገረም፤ «በቃ» ብሎ ከመንገድ ወጣ። ባለንብረቱ በማግሥቱ በስልክ ሲጮህበት «ጌታዬ፣ ስንዴው ይዘገያል እንጂ አይሞትም» አለው።

እኔ ያንን አይቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። እና ቪየናን አልፌ ፌርፋክስን አላስታውስም።

አሁን ሰው «ለምን አላቆምክም?» ይለኛል። ጥያቄው ልክ ነው፣ ሰዓቱ ግን ልክ አይደለም። ዓይኔ ሲከደን ማቆም አልችልም፣ የለሁማ። እኔ ያጠፋሁት ከዚያ በፊት ነው። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤያለሁ። ፊቱን የሚታጠብ ሾፌር እንቅልፍ እንደመጣበት ያውቃል። አውቄያለሁ። ሰዓቱንም አይቻለሁ። ከዚያ ወጥቼ «ሁለት ትሪፕ» አልኩ። ያቺ ውሃ ፍርድ ቤት ብትቀርብ የምትመሰክረው በእኔ ላይ ነው።

ይህ የእኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። ኒው ጀርሲ ውስጥ ማጊ ማክዶኔል የምትባል የ20 ዓመት ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1997 መስመር ስቶ የመጣ መኪና ገደላት። ሾፌሩ 30 ሰዓት አልተኛም ነበር። ጠበቃው እንቅልፍ አጥቶ መንዳት ወንጀል ነው የሚል ሕግ የለም ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ የ200 ዶላር ቅጣት ከፍሎ ሄደ። እናቷ አልተቀመጠችም። እ.ኤ.አ. በ2003 በልጅቷ ስም የሚጠራ ሕግ ወጣ፤ 24 ሰዓት ሳይተኛ ነድቶ ሰው የገደለ በግድያ ሊከሰስ ይችላል። ሕጉን ሳነብ መጀመሪያ ያደረግሁት ምን መሰላችሁ? የራሴን ሰዓት ቆጠርኩ። 22 ሰዓት ተኩል። «አልሞላም» ብዬ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። አፈርኩ።

ቁጥሩን ደግሞ እዩልኝ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አነዳዱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል ይላሉ። 24 ሰዓት ከሞላ 0.10። እዚህ ቨርጂኒያ የመጠጥ ወሰኑ 0.08 ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ከወሰኑ ጠርዝ ላይ ነበርኩ ማለት ነው። ልጁ መኪናውን ትቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሌላ ሰካራም ተከራየ። የአገሩ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ለ2017 ባወጣው ግምት እንቅልፍ ያለበት ሾፌር የተሳተፈባቸው 91,000 ያህል አደጋዎች ፖሊስ ጋ ተመዝግበዋል፤ 800 የሚጠጋ ሰው ሞቷል። ያውም ቁጥሩ ከእውነተኛው እንደሚያንስ ራሳቸው ይናገራሉ። እንቅልፍን በትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ የለም። ተኝቼ ነበር ብሎ የሚናገርስ ማን ነው?

እና እኛ ሀበሾች፣ እባካችሁ፣ «ደብል» የምንለውን ነገር፣ ሁለት ፈረቃ አከታትሎ መሥራትን፣ እንነጋገርበት። እዚህ «እንዴት ነህ?» ሲባል መልሱ «ደብል ሠርቼ ነው» ነው። እንደ ማዕረግ። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ነው የምትሠራው። አሥራ ስድስት ሰዓት ሠርታ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ትነዳለች። አንድ ጠዋት ቀይ መብራት ላይ ቆማ እዚያው ተኛች። ከኋላ ያለው ጥሩምባ ሲነፋባት ነው የነቃችው፤ መብራቱ ስንት ጊዜ ቀይና አረንጓዴ እንደሆነ አታውቅም። እግሯ ፍሬን ላይ ስለነበረ ተረፈች። ይህንን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሁለታችንም ሞኞች።

አፖቹ የራሳቸው ገደብ አላቸው። 12 ሰዓት ከነዳህ ለ6 ሰዓት ይዘጉብሃል። ደህና ሕግ ነው። ነገር ግን የሚቆጥሩት ያሽከረከርከውን እንጂ የነቃህበትን አይደለም። ቀኑን ፓርኪንግ መዋልህን፣ ፊኛ መንፋትህን አያውቁም። አንዱ ሲዘጋ ሌላውን የሚከፍትም አለ። «አለ» ስል እኔም ነበርኩበት።

መፍትሔ ብለን የያዝናቸውን ነገሮች ሁሉ ሞክሬያለሁ። መስኮት መክፈት፣ ጉንጭ መምታት፣ ሎሚ መምጠጥ፣ ሙዚቃ ጣራ ድረስ መልቀቅ። መስኮት ከፍቶ የተኛ ሰው ብርድ የመታው የተኛ ሰው ነው። ቡና ትንሽ ይረዳል፤ ግን ደም ውስጥ እስኪገባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ አንተ ደግሞ የምትጠጣው እየነዳህ ነው። ባለቤቴ ከሥራዋ የተማረችውን አስተማረችኝ፤ ቡናውን ጠጣ፣ መኪናህን ደህና ቦታ አቁም፣ 20 ደቂቃ ተኛ፣ ስትነቃ ቡናው ይደርሳል። ይህ ለአንድ ሰዓት መንገድ ያግዛል። የ22 ሰዓት ዕዳ ግን በኩባያ አይከፈልም።

የአለርጂ ክኒንም ቀላል አይደለም። ሚያዝያ ላይ ቨርጂኒያ ሁሉ ቢጫ ብናኝ ሲለብስ እኔ አፍንጫዬ አይቆምም። ዲፈንሃይድራሚን ያለበትን ያን ርካሽ ክኒን ውጬ እነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ይህን መድኃኒት የወሰዱት ሰዎች በመንዳት ማስመሰያው ላይ ከጠጡት ብሰው ተገኙ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላው ነው፤ ሰዎቹ «እንቅልፍ አለኝ፣ የለኝም» ያሉት ካነዳዳቸው ጋር አልገጠመም። ደህና ነኝ የሚለው ደህና አልነበረም። ስለዚህ «እኔ ራሴን አውቀዋለሁ» የሚለኝን ሰው አሁን አላምነውም። ራሴንም ጭምር።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ከድርርር በኋላ ወደ ምናሳስ አሥር ደቂቃ ይቀረን ነበር። ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ሆኖ ነዳሁ። ማቆም ነበረብኝ፤ ልጁን ቀስቅሼ «እኔ መንዳት አልችልም፣ ሌላ ጥራ» ማለት ነበረብኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ቤቱ በር ላይ ሳወርደው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በደህና ግባ» አለኝ። ከዚያ አንድ ነዳጅ ማደያ ጓሮ አቁሜ ወንበሬን ዘረጋሁ። ስነቃ ፀሐይ ፊቴ ላይ ናት። ስልኬ ላይ የባለቤቴ አሥራ አንድ ጥሪ አለ። አፑ ላይ ደግሞ ልጁ አምስት ኮከብ ሰጥቶኛል፤ ቲፕም ጨምሯል። «ምቹ ጉዞ» ብሎ ጽፏል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ምንም ሳትናገር አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ይህን ጊዜ ማናችንም አልሳቅንም። «ቦነሱ ስንት ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። «ለዚህ ነው?» ብላ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደች።

ፓርኪንግ የዋልኩበት ቀን ማታ አሁን አልነዳም። በወር አምስት መቶ ስድስት መቶ ዶላር ያጎድልብናል፤ ያጎደለብንን አልደብቅም፣ መኪናዋን ለመቀየር ያሰብነውን ለከርሞ አስተላልፈነዋል። እሷም ደብል ካደረች እኔ ሄጄ አመጣታለሁ፣ ካልቻልኩ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ትተኛለች እንጂ አትነሳም።

ለጋሼም ደውዬ ነገርኩት። አርጅቷል፤ አዳማ ነው ያለው፣ ከመኪና ከወረደ ቆየ። ስጨርስ ዝም አለ። ከዚያ «ረዳትህ ማን ነው?» አለኝ። የለኝም አልኩት። «ታዲያ ማን ያወራሃል?» ስልኩ መንገድ ይነግረኛል አልኩት። እሱ የሚያውቀው መንገድ ሳይሆን ሰው የሚያወራ ረዳት ነውና አልገባውም። ወይም በደንብ ገብቶታል።

አሁን አርብ ማታ ብቻ እነዳለሁ። እሱ ቅዳሜ ጠዋት ኪዳን አድርሶ ሲመለስ እዚህ 5 ሰዓት ማታ ነው፤ ያን ሰዓት ደለስ ኤርፖርት መጠበቂያው ላይ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ። ይደውላል። ስለ ጤናዬ አይጠይቅም፣ ስለ ልጆቹም አይጠይቅም።

«ያለፍካት ከተማ ማን ናት?»

ባለፈው አርብ ያወረድኩትን ሰው አስታወስኩና «ቪየና» አልኩት።

«ማን?»

«ቪየና፣ ጋሼ።»

ዝም አለ። ከዚያ «አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ሞተሩን አጥፋና ተኛ። አውሮፓ ገብተሃል።»